ለታሪኬ የተቀረጸው መልእክት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን ነቅዟል። ስለዚህ ለማታውቀኝ ለአንተ እናዘዛለሁ።

ቦንጋ ውስጥ ሠርግና ምርቃት እየቀረጽኩ የምኖር ሰው ነኝ። ያኔ ግን ራሴን በራሴ አርቲስት ብዬ ሾሜ ነበር። ልጆቻቸው ዐረብ አገር የሄዱባቸውን እናቶች እየቀረጽኩ፣ አዲስ አበባ ኤግዚቢሽን ላይ የሚታይ ቪዲዮ እሠራ ነበር። ከእናቶቹ አንዷ ደካ በሚባለው ሰፈር የሚኖሩት እትዬ አለሚቱ ናቸው። ልጃቸው ታሪኬ ቤይሩት ከሄደች አራት ዓመት ሆኗት ነበር። ለዓርብ ተቀጣጠርን።

ሐሙስ ዕለት ወንድማቸው ጋሽ አዴሎ ስቱዲዮዬ መጥተው በሩን ዘጉ።

«ልጅቷ ካረፈች ሳምንት ሆናት» አሉኝ። «እሑድ ንጋት ላይ ሽማግሌ ይዘን መርዶ እናረዳታለን። እስከዚያ እቤቷ እንዳትደርስ። ፊትህን አይታ ታውቃለች።»

እሺ አልኩ። በእግዚአብሔር ስም ምዬ ነው እሺ ያልኩት።

ዓርብ ጠዋት ሄድኩ። ለምን ሄድኩ? ብቀር ይጠረጥራሉ ብዬ? እንዲህ እያልኩ ራሴን ስንት ዓመት ሸነገልኩት! ውሸት ነው። የሄድኩት ገና ያልሰማች እናት ፊት ፈልጌ ነው። ከእሑድ በኋላ ያ ፊት እንደማይገኝ አውቄ ነው።

በሩ አጠገብ፣ ብርሃን ያለበት አስቀመጥኳቸው። ለታሪኬ የሚሉትን ይበሉ፣ እልክላታለሁ አልኳቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ታሪኬ፣ የምትወጂውን ማር አስቀምጬልሻለሁ። ምነው ድምፅሽ ጠፋ? ተቀይመሽኝ ነው? ነይ ስልሽ እምቢ ብትዪኝ ተቆጣሁሽ እንጂ፣ ጠልቼሽ አይደለም። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

 ካሜራውን አላጠፋሁም። እንዲያውም ድምፁ ጥርት እንዲል ይድገሙልኝ አልኳቸው። እኔ ነኝ ያልኩት። ደገሙልኝ።

እሑድ፣ ለቅሶው መሀል፣ እትዬ አለሚቱ እጄን ጭምድድ አድርገው ያዙኝ። «ልጄ፣ ያን የላክህላትን ሰምታው ነበር?»

ጋሽ አዴሎ ትክ ብለው ያዩኛል።

«ሰምታዋለች፣ እትዬ። ቅዳሜ ጠዋት ሰምታ፣ አልተቀየምኩም ብላለች» አልኩ።

ደረታቸውን እየደቁ መረቁኝ። ጋሽ አዴሎ ምን ያድርጉ? እህታቸውን እያዩ «ቅዳሜ ማታ ነው ያረፈችው» አሉ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታዬን ተቀብለውኝ አያውቁም።

ቪዲዮው ኤግዚቢሽኑ ላይ ታየ። ሰዉ አለቀሰ፣ አጨበጨበ። እኔም እጅ ነሣሁ።

እትዬ አለሚቱ የልጃቸውን መታሰቢያ በየዓመቱ የሚያደርጉት ለእኔ ውሸት ሲባል በተፈጠረው በዚያ ቅዳሜ ቀን ነው። እኔንም ይጠሩኛል። ከዝክሩ እቀምሳለሁ፣ እመረቃለሁ። እውነቱን ልንገራቸው? ብነግራቸው የልጃቸውን ይቅርታ ከእጃቸው እቀማለሁ። ባልነግራቸው ምርቃታቸውን እየሰረቅኩ እኖራለሁ። አንተ ግን አደራህን፣ ይቅር አትበለኝ። ዘንድሮም ጠርተውኛል፤ እሄዳለሁ።