ጥጃውና የእማማ ስንዱ ውሃ

ልጅ ሳለሁ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ጎረቤታችን ሸክላ ሠሪዋ እማማ ስንዱ ድስቶቻቸውን በሚተኩሱበት ምሽት፣ ሸማኔው አባቴና ክር ነጋዴው ጋሽ ከድር እሳቱ ዳር ተቀምጠው ሲያወጉ እኔ በአባቴ ጋቢ ተሸፍኜ እሰማ ነበር። የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይኔን ቢያቃጥለኝም አልነሳም፤ ያኔ ከዚያ ጨዋታ የሚበልጥብኝ ነገር አልነበረም።

አንድ ምሽት ወሬው ስለ ወርቁ ጥጃ ሆነ። በልጅነቱ ድቁና የተማረው አባቴ «አሮን ሕዝቡን ፈርቶ ነው የሠራላቸው» አለ። «ጥጃው ግን ከወርቁ በፊት በልባቸው ነበር። ልባቸው ግብፅ ቀርቶ ነበራ።»

ጋሽ ከድር ራሱን ነቀነቀ። «የአሮንን ስም አታጥፋ። በእኛ ቁርአን የሠራው ሳምሪ የሚባል ሰው ነው። ሃሩንማ፣ የእናንተው አሮን፣ ተዉ ቢላቸው ሊገድሉት ነበር።»

እማማ ስንዱ ቤተ እስራኤል ነበሩ። ፍሙን እየቆሰቆሱ «እስራኤል የሄደው ወንድሜ ከመምህራኑ የሰማውን ልንገራችሁ» አሉ። «ሴቶቹ ጉትቻችንን አንሰጥም ብለዋል። ያወለቁት ወንዶቹ ናቸው።»

«ይቺን የጨመረች ሴት ናት» አለ ጋሽ ከድር። ሦስቱም ሳቁ።

ሙሴ ጥጃውን ፈጭቶ፣ በውሃ በጥብጦ እንዳጠጣቸው አባቴ ሲናገር ግን አቅለሸለሸኝ። እማማ ስንዱ ፊቴን አይተው ከእንስራው ውሃ ቀዱና «አጠጣት» ብለው ኩባያውን ለአባቴ ሰጡት። ይህን ጊዜ ሌላዋ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ።

«ከቡዳ ቤት? ልጅቷን ልታስበላት ነው?»

የእኛም የእትዬ አስካለም ወጥ የሚሠራው በእማማ ስንዱ ድስት ነበር።

አባቴ ኩባያውን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠና እጁን በጋቢው ጠረገ። ጋሽ ከድር አንስቶ ጨለጠው። እማማ ስንዱ ወደ እሳቱ ዞሩ።

አባቴን እወደው ነበር። ያ የእጁ አጠራረግ ግን እስከ ዛሬ ያስጠላኛል።

አሁን የምኖረው ሸጎሌ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ሰሞኑን የሕንፃው ሴቶች እኔ ቤት ተሰብስበን ሳለ አዲሷ ተከራይ ዳቦ ጋግራ ይዛልን መጣች። ገና ከመውጣቷ አንዷ «ዘሯን ሳናውቅ?» አለች። ሳህኑ ከእጅ ወደ እጅ አለፈ። እኔም ጋ ደረሰ፤ ሳልቆርስ አሳለፍኩት።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ አንድ ቁራሽ ብቻዬን በላሁ። የጋሽ ከድርን አሮን፣ የእማማ ስንዱን ሴቶች ብሆን በወደድኩ፤ ከዚያ እሳት ዳር ይዤ የተነሳሁት ግን ሕዝቡን የፈራውን የአባቴን አሮን ነው። ዳቦው ጥሩ ነበር። ስበላ ማንም አላየኝም፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያስጠላኝም ይኸው ነው።