በማንኪያ የበላሁባቸው ዓመታት

አስራ ዘጠኝ ዓመት በማንኪያ በልቻለሁ። እንጀራም ሆነ ሩዝ፣ ቤቴም ሆነ ሰው ቤት። ሰርግ ላይ አራት ሴቶች አንድ ትሪ ከብበን ስንቀመጥ እኔ ከቦርሳዬ ማንኪያ አወጣለሁ። ጎረቤቶቼ «እሷማ ተምራለች» ይሉ ነበር፤ አስረኛ ክፍል መድረሴን ማለታቸው ነው። ባለቤቴ ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት «ለፈረንጇ ማንኪያ አምጡላት» እያለ ያስቅብኝ ነበር። ምክንያቱን የሚያውቁት አማቴ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ የሽንት ቤት ነገር ስለሆነ ለመጻፍ አመንትቻለሁ። ግን ሌላ የሚጽፈው የለም።

በእኛ ቤት በወረቀት መጥረግ የለም። ሶፍት ለአፍንጫ ነው። ሽንት ቤት የሚገባ ሰው ማንቆርቆሪያ ይዞ ይገባል፤ በቀኝ እጁ ያፈሳል፣ በግራ እጁ ይታጠባል። ቀኝ እጅ ለመብላት፣ ለሰላምታ፣ ቁርኣን ለመያዝ ነው። ይህን ልጅ ገና አፉን ሳይፈታ እናስተምረዋለን። እኔ ባደግኩበት በድሬ ጠያራ ገጠር ማንቆርቆሪያው ቅል ነበር፤ ሥርዓቱ ግን ያው ነው።

የባለቤቴ ቤት ጀጎል ውስጥ ነው፣ ከፈላና በር ትንሽ ገባ ብሎ። ሽንት ቤቱ ከግቢው ጥግ ላይ ነው። የቧንቧ ውሃ በስምንት ቀን ይመጣል፤ ሲብስበት በአስራ አምስት ቀን። ሲመጣ በርሜሉን መሙላት፣ ከበርሜሉ ማንቆርቆሪያውን እየሞሉ ሽንት ቤቱ በር ላይ ማስቀመጥ የእኔ ሥራ ነበር። ባለቤቴ አንስቶ ቀሎ ካገኘው ይመታኛል። በጥፊ፣ በጫማ፣ በቀበቶ፣ እጁ በገባለት ነገር። ይህ የጀመረው ባገባኝ በሁለተኛው ወር ነው። ስለዚህ በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ እየሄድኩ ማንቆርቆሪያውን አነሳ አነሳ አደርገው ነበር። ዛሬም ባዶ ዕቃ ሳነሳ ትከሻዬ ይሰበሰባል።

እጄ የተሰበረው ውሃ በጠፋ በአስራ አንደኛው ቀን ነው። ልጄን ተቅማጥ ይዟት ነበር፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በርሜሉ ሥር የቀረውን ውሃ ለእሷ ጨረስኩት። እሱ ለዙህር ሰላት ከሱቁ መጣና ሽንት ቤት ገባ።

«ውሃ!» ብሎ ጮኸ።

«የለም፤ ልጅቷን አጠብኩበት» አልኩ።

«እንደ እረኛ በድንጋይ ልጥረግ?»

በአንድ እጁ ሱሪውን፣ በሌላው የብረቱን ማንቆርቆሪያ ይዞ ወጣ። ወደ ራሴ ሲሰነዝር ግራ እጄን አነሳሁ። አጥንቱ ሲሰበር ያወጣውን ድምፅ በር ላይ የተኛችው ልጄም ሰምታዋለች። ሁለተኛው ትከሻዬ ላይ፣ ሦስተኛው ጀርባዬ ላይ አረፈ። ማንቆርቆሪያው ሲጨረማመት ጣለውና ሱሪውን ታጠቀ።

በማግስቱ ወጌሻ ዘንድ ራሱ ወሰደኝ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ ወጌሻው።

«አዳለጠኝ።»

«ግቢው ይሙለጨለጫል» አለ ባለቤቴ።

ውሃ በጠፋ በአስራ ሁለተኛው ቀን የሚሙለጨለጭ ግቢ የት አለ? ወጌሻው ይህን ከእኛ እኩል ያውቃል። ሌላ ነገር ግን አልጠየቀም።

እጄ ታስሮ በቆየበት ጊዜ ያጠቡኝ አማቴ ናቸው። ቁጡ ሰው ነበሩ፤ በቤቱ ውስጥ ከእሳቸው ጋር ተሳስቀን አናውቅም። በመጀመሪያው ቀን ማንቆርቆሪያ ይዘው ተከትለውኝ ገቡ።

«እማ፣ ይተዉ፤ አፍራለሁ» አልኳቸው።

«ዝም በይና ቁጭ በይ። እኔ ያላየሁት ምን አለሽ?»

ሲያጥቡኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩ ነበር። አንድ ቀን ብቻ፣ እጃቸውን በሳሙና እያሹ፣ «እኔን አባቱ የሰበረኝ ጥርሴን ነበር» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንስተው አያውቁም። ልጃቸውንም ሲናገሩት አልሰማሁም።

የእጄ ማሰሪያ ሲፈታ አንጓዬ ወደ ውስጥ ታጥፎ ቀርቷል። ዕቃ ማንጠልጠል ይችላል፤ መዞር ግን አይችልም፣ ወደ ኋላ አይደርስም። ስለዚህ ማንቆርቆሪያውን በተጣመመው ግራ እጄ አንጠልጥዬ በቀኝ እጄ መታጠብ ጀመርኩ። የቸገረው ሰው ይፈቀድለታል ይላሉ ሸኾቹ፤ ወረቀትም ይበቃል ይላሉ። ሶፍቱን ሞክሬዋለሁ። ሰግጄ ስነሳ ሰውነቴ አልጸዳ ይለኛል፣ ቀኑን ሙሉ ሰው አጠገብ መቀመጥ ያስጠላኛል። ስለዚህ በውሃው ቀጠልኩ። ቀኝ እጄን በሳሙና አምስት ጊዜ አሸዋለሁ፤ ግን ወደ ገበታ ልዘረጋው አልቻልኩም። ማንኪያ ያዝኩ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ልጄን አጉርሻት አላውቅም።

አማቴ ከሞቱ በኋላም ባለቤቴ መምታቱን አልተወም። ሲሸመግል ቀበቶው በከዘራ ተለወጠ እንጂ።

ልጄ ጅዳ ሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርታ ተመለሰች። ሻንጣዋን ስትፈታ ቀሚስ አወጣችልኝ፣ ሽቶ አወጣችልኝ፤ ከሥር ደግሞ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ቱቦ። ጫፉ ላይ መጫኛ ያለው የብረት ራስ አለው።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አልኳት።

«ሻጣፍ ነው፣ እማ። ለሽንት ቤት። በሠራሁበት ቤት አምስት ነበረ፤ እያንዳንዱን ሳጸዳ አንቺን አስብ ነበር።»

«ሽንት ቤት ስታጸጂ እኔን?»

«እጅ አይፈልግማ» አለች፣ ሳታየኝ።

ባመጣችው ገንዘብ ጣሪያው ላይ የውሃ ታንከር አስቀመጠች፤ ቧንቧ ሠራተኛ ጠርታ ቱቦውን ሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ አስገጠመች። በመጀመሪያው ቀን በሩን ዘግቼ ስጫነው ውሃው ግድግዳውን መትቶ ፊቴ ላይ ተመለሰ፤ ሻሼ በሰበሰ። ልጄ ከውጭ ሆና ትስቃለች። «እማ፣ ቀስ! እሳት አደጋ አደረግሽው እኮ!» በሦስተኛው ቀን ለመድኩት። በቀኝ እጄ ያዝኩት፣ ውሃው ራሱ አጠበኝ። እጄ ምንም ሳይነካ ወጣሁ።

ያን ቀን ምሳ ላይ ማንኪያውን አላነሳሁም። ባለቤቴ መጉረሱን አቆመ።

«ማንኪያሽ ጠፋ?»

«አልጠፋም።»

«ታዲያ?»

«አያስፈልገኝም።»

ቀኝ እጄን አየ፤ ቀጥሎ ግራውን አየ። ከዚያ አንገቱን ወደ ሽንት ቤቱ አዞረ። ያኔ ነው እንደሚያውቅ ያወቅኩት። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው ፊት ሲያስቅብኝ ለምን በማንኪያ እንደምበላ ያውቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጠቡ ከቱቦው ጋር ሆነ። «ታንከሩን ልትጨርሺው ነው።» «የአረብ ቤት አመል ቤቴ አይገባም።» እሱ ራሱ አንድም ቀን አልነካውም፤ ማንቆርቆሪያው እንደ ድሮው ሞልቶ በሩ ላይ እንዲጠብቀው ይፈልጋል። ሁለት ጊዜ የግድግዳውን መስቀያ በከዘራው ሰበረው። ሁለት ጊዜ አስጠገንኩት። በሁለተኛው ጊዜ ከዘራው እኔንም ጎኔ ላይ አግኝቶኛል።

በዚህ መሃል ልጄ ታጨች። የእጮኛዋ እናት እህቶቻቸውን ይዘው እሁድ ምሳ ሊበሉ ይመጣሉ ተባለ። በእኛ ዘንድ ሁለቱ እናቶች ከአንድ ትሪ ይበላሉ፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ይጎራረሳሉ። ዝምድናው የሚጀምረው ከዚያ ነው። የሙሽራ እናት ማንኪያ ይዛ ብትቀርብ አማቾቿን ናቀች ይባላል፤ የልጄ ነገር ገና ሳይጀመር ይበላሻል። ይህንንም እሱ ያውቃል።

ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ልጄ ገበያ ሄዳ፣ ቢላ ይዞ ሽንት ቤት ሲገባ አየሁት። ቆይቶ ውሃ ሲንፎለፎል ሰማሁ። ስደርስ ቱቦውን ከግድግዳው ሥር ቆርጦታል። ውሃው ቀሚሱን አበስብሶታል። የተቆረጠው ቱቦ ከነብረት ራሱ እግሩ ሥር ወድቋል።

«እሁድ ማንኪያሽን አጥበሽ ጠብቂ» አለኝ።

ጎንበስ ብዬ ቱቦውን አነሳሁና ጫፉን ሳልለቅ በቀኝ እጄ ወነጨፍኩት። ብረቱ ከቅንድቡ በላይ አገኘው። ደሙ ወዲያው ዓይኑ ውስጥ ገባ። «አንቺ!» ብሎ ቢላውን እንደያዘ ወደ እኔ መጣ። ደገምኩት፤ ጣቶቹን መታሁት፣ ቢላው ወደቀ። ወደ ኋላ ሲል እግሩ ከውሃው ላይ ከዳው፤ ዳሌው የሲሚንቶውን ጠርዝ መታ። ምን ዓይነት ድምፅ እንደሆነ አውቀዋለሁ።

ቱቦውን ለሦስተኛ ጊዜ አንስቼ ነበር። ያቆመኝ ርኅራኄ አይደለም። ውሃው በከንቱ ይፈስ ነበር፤ ቧንቧ ከመጣ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። ቱቦውን ጥዬ ሄድኩና የውሃውን መዝጊያ ዘጋሁ።

ስመለስ «አንሺኝ» አለ። ቢላውን አጥቤ ወጥ ቤት አስቀመጥኩ። ከዚያ ጎረቤት ጠራሁ።

ሆስፒታል ወጣቱ ሐኪም ጎንበስ ብሎ ጠየቀው።

«ምን ሆነው ነው፣ አባባ?»

«አዳለጠኝ።»

«ግንባርዎስ?»

«ስወድቅ ቧንቧው መታኝ።»

ሐኪሙ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

«ሽንት ቤቱ ይሙለጨለጫል» አልኩ።

ዳሌው ተሰንጥቋል፣ ቀዶ ጥገና አያስፈልገውም፣ ቤቱ ይተኛ ተባለ። በሰው ሸክም መለስነው። በዚህ ዕድሜው ሚስቱ መታችው ተብሎ ፈላና በር ላይ ከሚወራበት ሞቱን ይመርጣል። ስለዚህ አዳልጦታል። እኔም ለወጌሻው እውነቱን ያልነገርኩት ከዚህ ብዙ በማይርቅ ምክንያት ነበር።

ቅዳሜ ልጄ ቱቦውን አገላብጣ አየችው። በቢላ የተቆረጠውን ጫፍ ነካችው፤ ብረቱ ላይ የቀረውን ደም በጣቷ ፈቀፈቀችው።

«አባ አዳልጦት ነው?»

«አዳልጦት ነው።»

«እሺ፤ ያዢልኝ» አለች። ሁለቱን ጫፎች በተጣመመው እጄ ገጥሜ ያዝኩላት፣ እሷ በብስክሌት ካላማዳሪያ ቁራጭ ጠመጠመችው። ትንሽ ያንጠባጥባል፤ ግን ይሠራል። ተነስታ ስትሄድ አንገቴን ይዛ ሳመችኝ። እንዲህ የምታደርግ ልጅ አይደለችም።

እሁድ ረፋድ ላይ ሴቶቹ መጡ። በመጀመሪያ በሽተኛውን ሊጠይቁ ገቡ፤ «አላህ ያሽርዎት፤ ይሄ ውሃ ሲጠፋም ጣጣ ሲመጣም ጣጣ» እያሉት ሰማሁ። «አሚን» አለ። ከዚያ ትሪው ቀረበ። ከመቅረቤ በፊት ሽንት ቤት ገብቼ ወጣሁ፣ ውዱእ አደረግሁ፣ ቀኝ እጄን አንድ ጊዜ ብቻ በሳሙና አጠብኩት።

ቢስሚላህ ብዬ ጠቀለልኩና የልጁን እናት አጎረስኳቸው። ሴትዮዋ አፋቸው ሞልቶ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ እስኪውጡ ሁላችንም ጠበቅን።

«ወላሂ ሊገድሉኝ ነው!» አሉ፣ ደረታቸውን እየመቱ እየሳቁ። «ይሄ ጉርሻ ነው ትራስ?»

«መጠኑን ረስቼው ነው» አልኩ። እውነቴን ነው። ቀጥዬ ወደ ልጄ ዞርኩና እሷንም አጎረስኳት፤ ያነሰ ጠቀለልኩላት። እሷ አልሳቀችም።

ምሳው ሳያልቅ ባለቤቴ ከውስጥ «ውሃ» ብሎ ተጣራ። ደግሞ ተጣራ።

«ይሂዱለት እንጂ» አሉኝ እንግዳዬ።

«ይጠብቃል» አልኩ። ትሪው እስኪነሳ አልተነሳሁም። ሁለተኛ ሻይ እንኳ ቀዳሁላቸው።

እንግዶቹን ሸኝቼ፣ ማንቆርቆሪያውን ሞልቼ፣ ባልዲ ይዤ ገባሁ። ቅንድቡ አብጦ ዓይኑን ዘግቶታል። በአንዱ ዓይኑ አየኝ። ላጥበው ብዬ ማንቆርቆሪያውን ከፍ ሳደርግ ትከሻው ተሰበሰበ።

እስኪረጋጋ ቆምኩ። ከዚያ አጠብኩት።