የሰማያዊው ቀሚስ ርክክብ

እትዬ ካውያ የምንላት ሃያ ሁለት ዓመት ከካውያ ጋር ስለኖረች ነው። በዚህ ባሕሩን ተደግፎ በተሠራ የሀብታሞች ሆቴል፣ ምድር ቤት ባለው ልብስ ማጠቢያ፣ እሷ ትተኩሳለች፣ እኔ አጥፋለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ልብስ አቃጥላ አታውቅም። ይህን ያዙልኝ።

ታናሽ እህቷ ፎቅ ላይ አልጋ አንጣፊ ነበረች። አምና፣ በየዓመቱ የምትመጣ አንዲት እንግዳ ሰማያዊ የሐር ቀሚሷን ስታጣ ጣቷን የቀሰረችው በዚችው ልጅ ላይ ነው። እውነት ነው ወይ ብሎ የጠየቀ የለም፤ መታወቂያዋን ቀምተው በጓሮ በር አስወጧት። ወሬ ክንፍ አለውና የአካባቢው ሆቴሎች ሁሉ ፊታቸውን አዞሩባት። ጎረቤት እንኳ እሷ ስትገባ ቦርሳውን ወደ ጉያው መሳብ ጀመረ።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ለእድሳት ተዘግቶ የከረመ ክፍል ሲከፈት ቀሚሱ ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሎ ተገኘ። እኛ ዘንድ ልብስ የሚታጠበው እንግዳው በእጁ በሚሞላው ወረቀት ነው፤ ወረቀቱም ከልብሱ አይለይም። ለካ ሴትዮዋ ራሷ ለእጥበት ሰጥታ፣ ካቻምና ያረፈችበትን ክፍል ቁጥር ጽፋ ኖሯል። ልብስ አዳዩም በተጻፈለት ክፍል ሰቅሎ ወጣ፤ ክፍሉም በማግስቱ ለእድሳት ተዘጋ።

እትዬ ካውያ ወረቀቱን ይዛ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ወጣች።

«ጥሩ፣ ቀሚሱን እንልክላታለን» አላት።

«እህቴስ?»

«የሞተ ነገር አትቀስቅሺ። እንግዳዋ ትቀየማለች።»

«እሺ ጌታዬ» ብላ ወረደችና ቀሚሱን ከካውያዋ ጀርባ ሰቀለችው። ሥራ አስኪያጁም ረሳው። እሺ ማለቷ አናዶኝ «ምን ነክቶሽ ነው?» ብላት «ትመጣለች» አለችኝ።

ዘንድሮም መጣች። ምሳ ሰዓት ላይ አሸዋው ዳር በጥላ ሥር ከወዳጆቿ ጋር ተንጋላ ሳለ፣ እትዬ ካውያ ቀሚሱን በሁለት እጇ ይዛ ሄደች። እኔም ፎጣ ተሸክሜ ተከተልኳት፤ ይህ እንዴት ያምልጠኝ?

«እመቤቴ፣ አምና ተሰረቀብኝ ያሉት ቀሚስዎ ነው። ለእጥበት የሰጡበት ወረቀትም ይኸው፣ በገዛ እጅዎ የጻፉት።» ድምፅዋ ከጥላው ሥር ላለ ሁሉ ይሰማ ነበር።

ሴትዮዋ ሳቀች። «ውይ፣ ይሄንንማ ረስቼዋለሁ።»

በዚያች ሳቅ ደሜ ፈላ። እትዬ ካውያ ግን እስክሪብቶ አቀበለቻት። «እዚሁ ወረቀት ግርጌ፣ በደህና ተረክቤያለሁ የሚለው ላይ ይፈርሙልኝ።» ሴትዮዋ የቀሚሱን ደረት አየት አድርጋ ፈረመች። ያ ወረቀት ዛሬ የእህትየው ቤት ግድግዳ ላይ ነው፤ የሚገባ ሁሉ ያነበዋል።

ሥራ አስኪያጁ እያለከለከ ደረሰ። «ተባረሻል!»

«አውቃለሁ፤ ሽርጤን ታች ሰቅዬዋለሁ።»

ይሄኔ ሴትዮዋ ቀሚሱን አገላበጠችው። ጀርባው ላይ የካውያ ቅርጽ ጠቁሮ ታትሟል። ጠዋት የጋለውን ካውያ ቀሚሱ ላይ አስቀምጣ ስትቆጥር አጠገቧ ነበርኩ። ሃምሳ ላይ «ይብቃሽ» ብላት ቀና ሳትል «ስለ እህቴ ነው፣ መቶ ይሙላ» አለችኝ።