አያ ይመር ግድግዳው ላይ የጻፈው

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ ከፊታችሁ የቆምኩት በሆዴ ይዤው የከረምኩትን ነገር ልነግራችሁ ነው። ሰው ፊት መቆም ለእኔ ብርቅ አይደለም፤ መምህር ነኝ፣ በቀን አምስት ክፍለ ጊዜ ስለፈልፍ የምውል ሰው ነኝ። የከበደኝ ይሄ ድምፄ ነው። አንዳንዶቻችሁ ስትሰሙት አንገታችሁን ቀና ታደርጋላችሁ፤ አይቻችኋለሁ። ለምን እንደሆነም አውቃለሁ። እደርስበታለሁ፣ ታገሡኝ። ከሁሉ በፊት ግን የተዘጋ አፍ የሚከፍት ጌታ ስሙ ይባረክ! አሜን በሉ እንጂ፣ ምነው ቀዘቀዛችሁ!

አስናቀ እባላለሁ። የተወለድኩት አምባሰል ነው፣ ከውጫሌ ትንሽ ወጣ ብሎ። እናቴ እግሯ እምቢ እስካላላት ድረስ በየዓመቱ ግሸን የምትወጣ ሴት ናት፤ አሁንም ትወጣለች፣ እግዜር ጉልበቷን ይባርክ። እኔ ግን ኮሌጅ ገብቼ ሁለት መጽሐፍ ባነብ አዋቂ ሆንኩላችሁ። በጾመው አሾፋለሁ፣ በሰገደው አሾፋለሁ፣ መስጊድ በሚሄደው አሾፋለሁ፣ የእናንተማ አይነሳ። በዚህ በኩል አድልዎ አልነበረብኝም።

ተመድቤ ሐይቅ ከተማ መጣሁ፤ አሥረኛ ክፍል እንግሊዝኛ ማስተማር ያዝኩ። አንድ የማስተማር ዘዴ ነበረኝ። አዲስ ቃል ሳመጣ ዓረፍተ ነገር የምሠራው ልጆቹ በሚያውቁት ሰው ስም ነው። የባጃጅ ሹፌሩን፣ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ፣ ሻይ ቤት ያለችውን ሴትዮ በስማቸው ሰሌዳ ላይ አወጣቸዋለሁ። ልጆቹ ይስቃሉ፣ ቃሉም አይረሳቸውም። ከዚያ ስልሳው ልጅ በአንድ ድምፅ ሦስት ጊዜ ጮክ ብሎ ያነበዋል። ሦስት ጊዜ፣ ሁልጊዜ። ይህን ያዙልኝ።

አያ ይመርን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ እዚሁ ከእናንተ ጋር ያመልክ የነበረው ዓሣ አጥማጅ። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ድምፁ ጎርናና ነበር፣ ውሃ አሻግሮ ሲጣራ የኖረ ሰው ድምፅ። ጠዋት ጠዋት አስፋልቱ ዳር ቆሞ «ዓሣ! የዛሬ ዓሣ!» ሲል እኔ ካልጋዬ እነቃለሁ። አንድ ቀን ከእሱ ስገዛ፣ «አያ ይመር፣ በዚች በደንገል ታንኳ እዚያ ድረስ ስትገባ አትፈራም?» አልኩት።

«መምህር፣ ሠላሳ ዓመት ገብቼ የወጣሁት በጌታ ነው» አለኝ።

«የሚያወጣህማ ታንኳህ ነው» አልኩት። ሳቀ። አልተቆጣም። ያለመቆጣቱ አናደደኝ፣ እውነቱን ልናገር።

በዚያው ሳምንት ትምህርቱ «ስቴድፋስት» የሚለው ቃል ላይ ደረሰ። እንግሊዝኛ ለማትችሉ፣ ጽኑ ማለት ነው፤ የማይነቃነቅ፣ የማይናወጥ። ለእምነት የሚነገር ቃል ነው። ጠመኔውን አነሳሁና በእንግሊዝኛ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «አያ ይመር በታንኳው ላይ ጽኑ እምነት አለው። ታንኳው ግን ይናወጣል።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ትርንጎ ብቻ አልሳቀችም። ትርንጎ የአያ ይመር ልጅ ናት፤ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበር የምትቀመጠው። ደብተሯ ላይ ቀስ ብላ ገለበጠችው። እኔም «አንብቡ!» አልኩ። ሦስት ጊዜ አነበቡት። ከሌሎቹ ጋር እሷም አነበበችው።

ወገኖቼ፣ በማግስቱ ጠዋት የዓሣ ጥሪ አልሰማሁም።

ታንኳዋ ባዶዋን ወደ ዳር መጥታ ተገኘች። መቅዘፊያው ውስጧ በሥርዓት ተጋድሟል፣ መረቡ ተጣጥፏል። አያ ይመርን በሦስተኛው ቀን ከሐይቁ ዳር ከደንገሉ ሣር መሀል አወጡት። ነፋስ ነው አሉ፣ የሐይቅን ነፋስ ታውቁታላችሁ። እኔ ግን ክፍል ስገባ ዓረፍተ ነገሩ ሰሌዳው ላይ እንዳለ ነበር። ለማጥፋት ተራው የደረሰው ልጅ እምቢ ብሎ ነው። ራሴ አጠፋሁት። ጠመኔው ለቀቀ፣ ዳናው ግን ቀረ፤ ፀሐይ በመስኮት ስትገባ እያንዳንዱ ፊደል ይነበባል። በእርጥብ ጨርቅ አሸሁት፣ ሲደርቅ ተመልሶ መጣ።

ከዚያ በኋላ ልጆቹ ፈሩኝ። ዓረፍተ ነገር ልሠራ ወደ ሰሌዳው ስዞር ከኋላዬ «የእኔን ስም አይጻፉ፣ ቲቸር!» «የእናቴንም!» የሚል ሹክሹክታ ይነሳል። አንድ ወላጅ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሄዶ፣ «ያ ሰውዬ ስማችንን እንዳይጠራ ይነገርልን» አለ ተባለ። እኔ በአጉል እምነት ላይ ስቀልድ የኖርኩ ሰው! ይህን ወሬ ዛሬ አጠፋዋለሁ ብዬ ተነሳሁ። ገባሁና በራሴ ስም ጻፍኩ፦ «መምህር አስናቀ ድምፁን ማንም እንደማይወስድበት ጽኑ እምነት አለው።»

«አንብቡ!» አልኩ። አንድ ጊዜ አነበቡ። ሁለተኛውን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡ። ሦስተኛው ላይ ክፍሉ ዝም አለ። ስልሳ ልጅ ጠረጴዛውን እያየ ዝም። «እንግዲያው እኔ አነበዋለሁ» ብዬ ጀመርኩ። «ድምፁን» የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄ ቆመ።

አልሰለለም፣ አልጎረነነም፤ ቆመ። አፌ ይንቀሳቀሳል፣ የሚወጣ የለም። ከልጆቹ አንዷ ጮኸች። ሌሎቹ ደብተራቸውን ጥለው ወጡ። እኔና ትርንጎ ቀረን። አየችኝ፣ አየኋት። ቀስ ብላ ሰሌዳውን አጠፋችልኝና ወጣች።

ደሴ ሄድኩ። ሐኪሙ በመሣሪያ ጉሮሮዬን አየና «የድምፅ አውታርህ ጤነኛ ነው» አለኝ። ወረቀት ላይ «ታዲያ ለምን አልናገርም?» ብዬ ጻፍኩለት። «እሱን አላውቅም። የፈራኸው ነገር አለ?» አለኝ። የለም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ውሸቴን ነበር።

አምስት ወር ዲዳ ሆንኩ። ትምህርት ቤቱ «እስከ ዓመቱ መጨረሻ ካልተሻለህ ሌላ መምህር እናስመጣለን» አለኝ። እናቴ ከውጫሌ ትደውልና ለብቻዋ ታወራለች፤ እኔ በጥፍሬ ስልኩን ቆርቆር አደርጋለሁ። አንድ ጊዜ ከሆነ አለሁ ማለት ነው። «አለህ ልጄ?» ቆር። «በላህ?» ቆር። አንድ ቀን «መቼ ነው የምሰማህ?» አለችኝ። ለዚህ የሚሆን ቆርቆርታ አልነበረኝም። ስልኩን ይዤ አለቀስኩ፤ ለቅሶዬም ድምፅ አልነበረውም።

አሁን የምነግራችሁን ሐኪም አይፈርምልኝም። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ጉም ከሐይቁ ላይ አልተነሳም። ዳር ዳሩን ስሄድ ልጆች ሲያነቡ ሰማሁ። ብዙ ናቸው፣ በአንድ ድምፅ። ከውሃው በኩል ነው የሚመጣው፣ ከጉሙ ውስጥ። ቃሉ ጥርት አይልም፣ ዜማው ግን የእኔ ክፍል ዜማ ነው፤ ከፍ ብሎ መጨረሻው ላይ የሚወድቅ። አንድ ጊዜ አነበቡ። ቆሙ። ሁለተኛ አነበቡ። ሦስተኛውን ስጠብቅ ዝም አለ። ውሃው ብቻ ቀረ።

እግሬ ወዴት እንደሚሄድ ሳላውቅ ሄድኩ። ስቆም የቆምኩት የአያ ይመር ቤት በር ላይ ነው።

ለቀብሩ እንኳ አልሄድኩም ነበር። አስቡት፤ በወሎ አገር፣ ለቀብር መቅረት! ነገር ግን በኪሴ የሰነበተ አንድ ወረቀት ነበረኝ፤ ይቅርታ የጻፍኩበት። ሚስቱ እትዬ ስንዱ በሩ ላይ ተቀምጠው የባላቸውን መረብ ይጠግናሉ። ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው። አዩት፣ አዩኝ። «ማንበብ አልችልም፣ አባቴ» አሉኝ። ትርንጎ ከውስጥ ወጥታ «እኔ ላንብብልሽ፣ እማ» አለች።

«ተይው ልጄ። ሰው ይቅርታ የሚለው ባፉ ነው። ይግባና ይቀመጥ። አንድ ቀን ይነግረኛል» አሉ።

ገባሁ። ቀና ስል ግድግዳው ላይ በከሰል የተጻፈ እንግሊዝኛ አየሁ። ፊደሉ ተንጋዷል፣ ገና መጻፍ የሚለማመድ እጅ ነው። የእኔው ዓረፍተ ነገር ነበር።

ትርንጎ ከአጠገቤ ቆመች። «አባዬ ነው የጻፈው» አለች። «በዚያ ዕለት ማታ ደብተሬን አሳየሁት። ያዝንብኛል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ‹ስሜ በእንግሊዝኛ ተጻፈ› ብሎ ደስ አለው። ‹መምህሩ አንዲት ቦታ ብቻ ተሳስቷል፣ እንዴት እንደሚጻፍ አሳይኝ› አለኝ። አሳየሁት። ሲነጋ ወደ ሐይቁ ወረደ።»

ጠጋ ብዬ አነበብኩ። «ታንኳው» የሚለው ተሰርዟል። በላዩ «ጌታ» የሚል ተጽፏል። «አያ ይመር በጌታ ላይ ጽኑ እምነት አለው።» ሁለተኛውን ግን አልነካውም፤ እንዳለ ትቶታል። «ታንኳው ግን ይናወጣል።»

ሰውየው ያውቅ ነበር፣ ወገኖቼ! ታንኳው እንደሚናወጥ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቅ ነበር! እኔ ጽኑ የሚለውን ቃል ለሰባት ዓመት ሳስተምር፣ ሰው የሚጸናው በምን ላይ ነው ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። እኔ ራሴ በምን ላይ ነበር የጸናሁት? በጉሮሮዬ!

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩና በልቤ፣ «ይመር ያመነህ ጌታ ሆይ፣ ካለህ አንድ ቃል ስጠኝ። ይቅርታ የምልበት ብቻ። ከዚያ ብትፈልግ መልሰህ ዝጋው» አልኩ። አፌን ከፈትኩ።

«እትዬ ስንዱ፣ በአያ ይመር ላይ ቀለድኩ። ይቅር ይበሉኝ።»

ወጣ! ጌታ ይክበር፣ ወጣ! ነገር ግን የወጣው የእኔ ድምፅ አልነበረም። ጎርናና ነው፣ ውሃ አሻግሮ የሚጣራ። እትዬ ስንዱ መረቡን ለቀቁት። ወደ እኔ አልዞሩም፤ ወደ ሐይቁ ነው የዞሩት። «ይመር?» አሉ።

ትርንጎ እጇን አፏ ላይ ጭናለች። እትዬ ስንዱ ቆይተው ዞሩ፣ ያገኙት እኔን ነው፤ ብዙ አዩኝ። «ይቅር ብዬሃለሁ» አሉኝ። «እስቲ ደግመህ ተናገር።»

በሚቀጥለው እሁድ እዚህ ጉባኤ መጥቼ ጌታን ተቀበልኩ። ፓስተራችን፣ «አያ ይመርን ዓረፍተ ነገር አልገደለውም፤ ያን ሸክም አውርድ» አሉኝ፤ አወረድኩ። እናቴ ጋ ስደውል፣ «እማዬ» ስላት፣ «ማነህ አንተ? የልጄን ስልክ ከየት አገኘኸው?» ብላ ጮኸችብኝ። ምን ላድርግ? በጥፍሬ ቆር አደረግሁላት። ያኔ እልል አለች፣ እልልታዋ አላባራ አለ! ሐኪሙ፣ «ብዙ ጊዜ ሳይሠራ የከረመ ጉሮሮ እንዲህ ይሆናል» ይለኛል። ይሆናል። እኔ ከዚያ ወዲያ የምለው የለኝም፤ አንዳንድ ጠዋት ግን ለራሴም ያስፈራኛል፣ አልዋሻችሁም።

ቅዱሳን፣ እዚህ ተቀምጠህ ጽኑ ነኝ የምትል ወንድሜ፣ በምን ላይ? በጉልበትህ ከሆነ፣ ይናወጣል። በአንደበትህ ከሆነ፣ እኔን እየኝ። እምነትህን በማይናወጠው ላይ ጣለው። አያ ይመር አንዲት ቃል ነው የሰረዘው፤ አንተም አንዲት ቃል ሰርዝ።

እትዬ ስንዱ እዚያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አሉ። እኔ ስናገር ሁልጊዜ ዓይናቸውን እንደሚጨፍኑ አይቻለሁ፤ ለምን ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም። አሁንም ይጨፍኑ፣ እትዬ። እናንተ ደግሞ ተነሱልኝና ከእኔ ጋር ሦስት ጊዜ በሉ። የአያ ይመርን ስም ጠርተን እንጀምር፣ ከዚያ እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን አግቡበት። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፤ ሦስተኛውን ብቻዬን አታስብሉኝ።

«አያ ይመር በጌታ ላይ ጽኑ እምነት አለው…»