ጋሽ ተካ ያስተካከሉልኝ የጀርባ ብረት

«ይሄ የየትኛው መኪና ነው ልጄ?» አሉኝ ዛሬ ጋሽ ተካ፣ ብረቱን እያገላበጡ። እዚህ አዲስ አበባ፣ ቡልጋሪያ የሚባለው ሰፈር አካባቢ የመኪና ወንበር ልብስ ይሰፋሉ።

«የመኪና አይደለም ጋሼ፣ የኔ ነው።»

ሥራዬ ሐይቅ ውስጥ እየጠለቅኩ የሰመጠ ሰው መፈለግ ነው። ውሃ ውስጥ የምተነፍስበት የአየር ሲሊንደር የሚታሰርበት ይህ ብረት ጀርባዬን ስለላጠው፣ በቃ፣ ሥራውን ልተወው ብዬ ወስኜ ነበር።

ስፖንጅ እንዲያደርጉበት ለመንኳቸው። «ስፖንጅ ውሃ ይጠጣል፤ ይከብድሻል» ብለው ከአሮጌ የስፖርት ምንጣፍ ቆርጠው አለበሱት።

ከዚያ አሸክመውኝ ከኋላ አዩኝ። «የግራው ማንገቻ አጥሯል። የላጠሽ እሱ ነው።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ብረቱን ስረግም፣ ለካ ጥፋቱ የኔ አስተሳሰር ነበር!

አስረዘሙልኝ። ከነሲሊንደሩ ግቢያቸውን ሁለቴ ዞርኩ፤ አላመመኝም። ነገ ሐይቅ እገባለሁ።

እናንተስ፣ ሙያችሁን የማያውቅ ሰው ችግራችሁን ፈትቶላችሁ ያውቃል?