በዝርዝሩ ያልገባ ፉጨት

ግሌኒስን አውስትራሊያ ውስጥ፣ ዋልገት ከተማ ነዳጅ ማደያ ድንገት አገኘኋት። የምትነዳው የእህቷን ትንሽ መኪና ነው።

"ፒካፕሽስ? ታሽስ?" አልኳት። ምነው ባልጠየቅሁ! ታሽ በጎቿን የሚነዳላት ውሻዋ ነው፤ ከፒካፗ ጀርባ ወርዶ አያውቅም።

"ፍቺው በላቸዋ።"

ባሏ ሮድኒ ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ሌላ ሴት ዘንድ ገባ። ዓመት ተለያይቶ መኖር ለፍቺ ይበቃል፤ ቅጹ ማን ማንን በደለ ብሎ አይጠይቅም። "ስለዚያች ሴትዮ የምጽፍበት አንዲት መስመር ፈልጌ አጣሁ" አለችኝ። ንብረታቸው በጨረታ ተሸጦ ገንዘቡን እኩል ሊካፈሉ ተስማሙ። የሚሸጠውን ዕቃ ዝርዝር የጻፈችው ራሷ ናት። እኛ አገር መኪናና የበግ ውሻ ተለያይተው አይታሰቡምና፣ እጇ እንደለመደ "ፒካፕ ከነውሻው" ብላ አሰፈረች። ሁለቱም ፈረሙ።

የጨረታው ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆመ፤ ትዳሯ የፈረሰባትን ሴት በገዛ ዕቃዋ መጫረት ነውር ነው። ሮድኒ ግን ተጫረተ።

"ሮድ፣ ውሻውን እንኳ ተውልኝ" ብላ በሰው ፊት ለመነችው።

"የጻፍሽው አንቺ ነሽ፣ የኔ እመቤት" አላት እየሳቀ። አቅሟ እስኪያልቅ ጨመረች። እሱ አንዴ ጨመረና ወሰደው።

በሳምንቱ ደወለላት። ታሽ የሚሠራው በእሷ ፉጨት ብቻ ነው፤ ሮድኒ ሲጮህበት በጎቹ መሃል ይተኛል።

"ፉጨቱን አስተምሪኝ፣ ግሌን።"

"ፒካፕ ከነውሻው ነው የሚለው። ፉጨት አልተጻፈም።"

"እንግዲያው እስከ ዓርብ ነው። የማይሠራ ውሻ አልቀልብም፤ ጥይት አለኝ።"

ይህን ስትነግረኝ ሐሙስ ነበር።

"ነገ እኮ ነው!" አልኳት። "እኔ ልግዛው?"

"ለኔ መሆኑን ያውቃል። አይሸጥልህም።"

"እንግዲያው ፉጨቱን ንገሪው። ሦስት ፉጨት ምን ይከብድሻል? ነፍስ እኮ ነው!"

"በጡጦ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ነፍስ መሆኑን አንተ ነህ የምትነግረኝ?"

የነዳጁን ክዳን አጥብቃ ዘጋች፤ ገብታ ሞተሩን አስነሳች። መስኮቱን ይዤ ቆምኩ። እጄን በቀስታ ከመስኮቱ አነሳችና፣

"መሞቱን እችለዋለሁ" አለችኝ። "ለሱ ሲሠራ ማየቱን ግን አልችለውም።"