በህግ አምላክ ያልኩባት ላም

የባሌ ወንድም ሽመሉን ከትከሻው ሲያወርደው ነው ነገሩ የገባኝ። ትናንት ልጄ ከባሏ ተጣልታ ከደብረ ታቦር ደውላ «ቁም ሳጥኔን ሳይሰጠኝ ከቤቱ አልወጣም፤ ከፈለገ ይግደለኝ!» ስትለኝ፣ ያ የድሮ ሽመል ነው ፊቴ ድቅን ያለው።

ያኔ እሷ የጡት ልጅ ነበረች። የአባቷ አርባ እንደወጣ አዝያት፣ አባቴ ለሰርጌ የሰጠኝን ላም እየሳብኩ በጉና ወገብ ወደ ገሳይ፣ ወደ እናቴ ቤት ስሄድ የባሌ ታላቅ ወንድም ደረሰብኝ። ክረምት መግቢያ ነው፤ ገብሱ ገና ቡቃያ፣ ጉሙ ከአፍንጫ አያሳልፍም።

«የወንድሜን ላም ወዴት ነው?»

«የአባቴ ላም ናት፣ ወንድም ጋሼ። አንቱም ሰርጉ ላይ መርቀዋታል።»

«ሰርጉም ሙሽራውም አፈር ገቡ!» ብሎ ሽመሉን አነሳ።

ገመዱን እጄ ላይ ጠምጥሜ «በህግ አምላክ!» አልኩ። እኛ ዘንድ ይህ ከተባለ የተቆጣም ይቆማል። ቆመ። ከዚያ ግን ሳቀ።

«እሺ፣ ቆምኩ። አንቺም ቁሚ። ሽማግሌ እስኪያልፍ ከዚህ ንቅንቅ ያለ ላሚቱን አጣ።»

በገዛ አፌ ታሰርኩ። በዚያ ጉም የት ያለ ሽማግሌ ያልፋል? እሱ ጋቢውን ተከናንቦ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና ቆሎውን ይቆረጥማል። እኔ ካፊያ እየወረደብኝ በሆዴ እረግመዋለሁ። እልህ ክፉ ነው፤ ብርዱን እንኳ ያስረሳል። ልጄ ስታለቅስ ቆየችና ዝም አለች። ዝምታዋ ከሽመሉ ባሰብኝ። እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ እግሯን ብዳስሰው ድንጋይ ሆኗል።

ገመዱን ከእጄ ፈታሁት።

«ሰጠሁ በያ!» አለኝ።

«አልሰጠሁህም። ተውኳት።» አንቱታውም እዚያው ቀረ።

«የውሻ ልጅ! ድሮም ያንቺ ብትሆን ነው?» እያለ ከኋላዬ ይጮሃል። ላሚቱም ትጮሃለች። ዞር አላልኩም።

እናቴ ልጄን እሳት ዳር አቅፋ እግሯን በትንፋሿ ስታሞቀው፣ ያቺ ልቅሶዋ ተመለሰች። «ላሚቱስ?» አለችኝ እናቴ። «ተያት እማ፤ እኛ ተርፈናል» አልኳት።

ይቅር ብየዋለሁ ብል ውሸት ነው። ስሙን ሲያነሱብኝ ዛሬም ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ላሚቱን ግን በሕልሜ እንኳ አይቻት አላውቅም።

ይህን ሁሉ በስልክ ነገርኳትና «ቁም ሳጥኑን ተይለት፤ ነይ» አልኳት። ዛሬ ጠዋት ባዶ እጇን መጣች። እንደተቆጣች ናት፤ ጓዳ ሆና ድንች ስትልጥ ቢላውን ስትወረውረው እሰማለሁ። ትወርውር። ልጄ ቤቴ ገብታለች፤ ደህና ነን።